የሚኒሞ ሕመም በቆዩ የቤንዚን ሞተሮች

ሚኒሞ የሾፌሩ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ተነስቶ፣ ማርሹ ነፃ ሆኖ፣ ሞተሩ ራሱን ብቻ ይዞ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ጋራዦች ከካንዴላ፣ ከቴስታታና ከካቻቢቴ ጋር አብሮ ኖሯል። በአብዛኞቹ ባለአራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተሮች ሚኒሞ በደቂቃ ከ700 እስከ 900 ዙር ነው። ከዚህ ሲወርድ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ መብራት ላይ ይጠፋል። ከዚህ ሲበልጥ ቤንዚን ይፈጃል። ከፍ ዝቅ እያለ አንድ ቦታ አልረጋ ሲል ደግሞ መካኒኮች «ሚኒሞ አይዝም» ይላሉ።

ሞተር ደካማ ጎኑን የሚያሳየው በሩጫ ሳይሆን በዚህ ሰዓት ነው። በሚኒሞ ጊዜ የካርቡራቶሩ የአየር በር ሊዘጋ ጥቂት ይቀረዋል፤ ወደ ሲሊንደር የሚገባው አየርና ቤንዚን እጅግ ትንሽ ነው። በተሰነጠቀ ቱቦ ሾልኮ የሚገባ ጥቂት አየር በፍጥነት መንገድ ላይ ከብዙው አየር ጋር ተቀላቅሎ ሳይታወቅ ያልፋል፤ በሚኒሞ ላይ ግን ቅልቅሉን ያበላሸዋል። በ850 ዙር የሚሠራ ባለአራት ሲሊንደር ሞተር ውስጥ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 7 ጊዜ ያህል ይተኩሳል። አንዱ ሲሊንደር ቢሞት ሦስቱ ሸክሙን ለመሸከም ይንገዳገዳሉ፤ መሪውም ኮፋኖውም አብሮ ይርገበገባል።

ጥሩ ምሳሌ የምትሆነው ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ በአዲስ አበባ ለአሥርታት በታክሲነት ያገለገለችው ላዳ ናት። የላዳ ቤተሰብ መነሻ የሆነችው ቫዝ 2101 በሶቪየት ኅብረት ቶሊያቲ ከተማ መመረት የጀመረችው በ1970 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ መሠረቷ የጣሊያኑ ፊያት 124 ነው። ሶቪየቶች ግን የፊያትን ሞተር እንዳለ አልወሰዱም፤ ካምሻፍቱ ቴስታታው ላይ የወጣ፣ 1,198 ሲሲ የሆነ ሌላ ሞተር ተሠራላት። ሚኒሞዋ ከ820 እስከ 900 ዙር ነው። የተኩስ ተራዋ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው፤ የቫልቭ ክፍተቷ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ 0.15 ሚሊሜትር ነው። ኮምፒውተር የላትም። ስለዚህ መርማሪው የሚተማመነው በጆሮው፣ በአፍንጫውና በጥቂት መሣሪያዎች ነው።

በጋራዥ የሚታየው ትልቁ ስሕተት ምርመራውን ከካርቡራቶሩ ቪቲ መጀመር ነው። ሞተሩ ሊጠፋ ሲል ካቻቢቴ ተይዞ ዙሩ ከፍ ይደረጋል፤ ባለቤቱም ተደስቶ ይሄዳል። ሕመሙ ግን እዚያው አለ። እንዲያውም ዙሩ ስለጨመረ ሌላው መካኒክ ምልክቱን ማየት ይቸግረዋል። የሚኒሞ ቪቲ መነካት ያለበት ሌላው ሁሉ ተመርምሮ ጤናማ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ በመጨረሻ ነው።

መጀመሪያ የሚታየው እሳቱ ነው። አራቱ ካንዴላዎች ተፈትተው በተራቸው ሲደረደሩ የየሲሊንደሩን ታሪክ ይናገራሉ፦ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን፣ ነጣ ያለ መልክ አየር መብዛቱን፣ የረጠበ ዘይት ደግሞ የፒስቶን ቀለበት ወይም የቫልቭ ጎማ ማለቁን ያመለክታል። አራቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ችግሩ የጋራ ነው፤ ካርቡራቶሩ ወይም የእሳቱ ሰዓት ይመረመራል። አንዱ ብቻ ከተለየ ምርመራው ወደዚያ ሲሊንደር ይጠባል። በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ የሚከፈቱትና የሚዘጉት የመገናኛ ነጥቦች በላዳ ላይ 0.4 ሚሊሜትር ገደማ ክፍተት ያስፈልጋቸዋል፤ ሲበሉ ክፍተቱ ይለወጣል፣ ከክፍተቱም ጋር የእሳቱ ሰዓት ይዛነፋል።

የሞተውን ሲሊንደር ለማግኘት የቆየው ዘዴ የካንዴላ ገመዶችን አንድ በአንድ መንቀል ነው። ሲነቀል ዙሩ ከወረደ ሲሊንደሩ ይሠራ ነበር ማለት ነው፤ ምንም ካልተለወጠ ጥፋተኛው እሱ ነው። ይህ የላስቲክ እጀታ ባለው ፒንሳ ይሠራል እንጂ በባዶ እጅ አይደፈርም። ኤሌክትሮኒክ እሳት ባላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ ገመድ ነቅሎ ክፍት መተው ኮይሉን ሊያቃጥል ስለሚችል ዘዴው አይመከርም።

ቀጥሎ የሚፈተሸው ሾልኮ የሚገባ አየር ነው። ካርቡራቶሩ የተቀመጠበት ጋስኬት፣ አየርና ቤንዚኑን ለሲሊንደሮች የሚያከፋፍለው ማኒፎልድ፣ ወደ ዲስትሪቢውተሩ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ፣ የፍሬን ሰርቮው ቱቦ፣ ሁሉም በዕድሜ ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በጣት መቆንጠጥ ቀላሉ ፈተና ነው፤ አንዱ ሲቆነጠጥ ሞተሩ ከተረጋጋ ቀዳዳው ከዚያ ወዲያ ነው። ፍሬን በተረገጠ ቁጥር ሚኒሞው የሚለወጥ ከሆነ የሰርቮው ሽፋን ተቀዷል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። አንዳንዶች በጋስኬቱ ዙሪያ ቤንዚን ይረጫሉ። በጋለ ሞተር ላይ ይህ በእሳት መጫወት ነው፤ ጥቂት ውሃ በስፕሬይ መርጨት ቀዳዳውን ለአፍታ ስለሚደፍን ያንኑ መልስ ያለ አደጋ ይሰጣል።

በዚህ ምርመራ ላይ ከፍታ የሚያመጣውን ለውጥ ያላወቀ መካኒክ ደህናውን ሞተር በሽተኛ ሊል ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ካርቡራቶር ግን አየር መሳሳቱን አያውቅም፤ ለባሕር ወለል የተመረጠለትን የቤንዚን ቀዳዳ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ቅልቅሉ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ያወጣል። በተቃራኒው በአዲስ አበባ ከፍታ ልክ የተስተካከለ ካርቡራቶር 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ድሬዳዋ ሲወርድ አየር ይበዛበታል።

የማኒፎልድ የመሳብ ኃይል መለኪያም እንዲሁ ያሳስታል። የውጭ መጻሕፍት ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል ይላሉ። ንባቡ በየ300 ሜትሩ ከፍታ በ1 ኢንች ገደማ ስለሚቀንስ፣ አዲስ አበባ ላይ ከ9 እስከ 14 መካከል ያለ ንባብ በሽታ አይደለም። ይልቅ መታየት ያለበት የመርፌው ጠባይ ነው። ቀጥ ብሎ ከቆመ መልካም፤ በእኩል ጊዜ ልዩነት ደጋግሞ ወደ ታች ከመታ ቫልቭ በደንብ አይዘጋም፤ በቀስታ ወዲያና ወዲህ ከተንሸራሸረ ቅልቅሉ ተዛብቷል።

እሳቱና አየሩ ደህና ከሆኑ ተራው የቤንዚኑ ነው። ሚኒሞ የራሱ ጠባብ ቀዳዳ አለው፤ ከታንከር የመጣ ትንሽ ዝቃጭ ይደፍነዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ እግር ነዳጅ ላይ ሲሆን መኪናው ያለ ችግር ይሄዳል፣ እግር ሲነሳ ወዲያው ይጠፋል። ቀዳዳው በታመቀ አየር ይጠረጋል እንጂ በሽቦ አይነካም፤ ሽቦ ልኩን ያሰፋዋል። በኋለኞቹ የላዳ ካርቡራቶሮች ላይ ይህን መንገድ የሚከፍት የኤሌክትሪክ ቫልቭ አለ። ቁልፍ ሲበራ «ቀጭ» ካላለ መጀመሪያ ሽቦው ይታይ።

ኮምፒውተርና ኢንጀክተር ያላቸው የ1990ዎቹ ኮሮላዎች ሌላ ጠባይ አላቸው። የአየር በራቸው በጥላሸት ይያያዛል፣ የሚኒሞ አየር የሚመጥነው ቫልቭም ይጣበቃል። ብዙዎችን የሚያስገርመው ደግሞ የራዲያተር ውሃ ነው፤ ውሃው ሲጎድል ወይም አየር ሲቋጥር የሙቀት መለኪያው ይሳሳትና ሚኒሞው ይዋዥቃል። ውድ ዕቃ ከመግዛት በፊት የራዲያተሩን ክዳን፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ከፍቶ ማየት ብዙ ብር ያድናል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሞተሩ ካልተረጋጋ የቀረው ኮምፕረሽን ነው። እዚህም ከፍታው ንባቡን በሙሉ ዝቅ ስለሚያደርግ ዋናው ነገር የአራቱ ሲሊንደሮች መቀራረብ ነው። ከሌሎቹ እጅግ ያነሰው ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት ዘይት ተጨምሮ እንደገና ይለካል፤ ንባቡ ከፍ ካለ ቀለበቱ፣ ካልተነሣ ቫልቩ ወይም የቴስታታ ጋስኬቱ ተጎድቷል። ይህን የሚያድን ቪቲ የለም።

ሁሉም ደህና ሲሆን ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ቾኩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ የቅልቅሉ ቪቲ ከፍተኛውን ዙር እስኪሰጥ ይዞራል፤ ከዚያ ዙሩ በሚኒሞው ቪቲ 900 ላይ ይደረግና የቅልቅሉ ቪቲ ዙሩ ትንሽ እስኪወርድ ድረስ እየጠበቀ ይዞራል። ይህ ሥራ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ፈጽሞ አይሠራ። ቤንዚን የበዛበት ሚኒሞ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሰው ሳያውቀው ይገድላል። መኪናውን ደጅ ያውጡት፣ ወይም በሩን ወለል አድርገው ይክፈቱ።