ወጋየሁ ንጋቱና የማንኩሳ ታሪክ፦ ስለ አንድ ተዋናይ ሥራ አጭር ጥናት

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ማንኩሳ የምትባል ከተማ አለች። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የተሰኘው ልብ ወለድ ታሪኩን የሚጀምረው ከዚህች ስፍራ ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ጎጆ የወጡት፣ ልጃቸው በዛብህም የተወለደው በዚሁ ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፉን በዓይናቸው ሳያነቡ በጆሯቸው ብቻ የሚያውቁት ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ያሰሟቸውም ተዋናዩ አቶ ወጋየሁ ንጋቱ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የተዋናዩን ሥራ ከዘመኑ የቴአትርና የፊልም ሁኔታ ጋር አያይዞ መመርመር ነው።

እንደሚታወቀው፣ የዘመናዊ ቴአትራችን መነሻ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ተዋናይነት ራሱን የቻለ ሙያ እየሆነ ሄደ። አቶ ወጋየሁ ከዚህ በኋላ ከተነሡት ተዋንያን አንዱ ሲሆኑ፣ እንደ ባልደረባቸው እንደ አቶ ደበበ እሸቱ ሁሉ በሀንጋሪ አገር ስለ ሙያው ተምረዋል።

በዚያን ጊዜ የአገራችን ፊልም ገና ጀማሪ ነበር። «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም.፣ «ጉማ» ደግሞ በ1966 ዓ.ም. ለሕዝብ ታዩ፤ በመካከላቸው ያለው ዘመን ረጅም ነው። ስለዚህ የተዋናይ ድካም በአብዛኛው መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ የሚያልፍ ነበር። በሌላው ዓለም ግን ሁኔታው የተለየ ነው። ለምሳሌ ያህል የስፔኑ የፊልም ተዋናይ ፈርናንዶ ሬይ (1917–1994 እ.ኤ.አ.) በ1953 እ.ኤ.አ. በወጣው «እንኳን ደህና መጡ፣ ሚስተር ማርሻል» በተሰኘው ፊልም ውስጥ ተራኪ ሆኖ ድምፁን ሰጥቷል፤ እንደ «ቪሪዲያና» ባሉት ፊልሞች ደግሞ መልኩም አብሮ ቀርቶለታል። ለእኛ ተዋናይ ይህን ውለታ የዋለው ካሜራ ሳይሆን የሬዲዮ ክር ነው።

በሬዲዮ የሚያነብ ተዋናይ ልብስና መብራት፣ ፊትና እጅም አያግዙትም። አቶ ወጋየሁ የፊታውራሪ መሸሻን ትዕቢት፣ የጉዱ ካሳን ምሬት፣ የሰብለ ወንጌልንም ሐዘን በድምፅ ብቻ ለይተው ማሳየት ነበረባቸው። በተጨማሪም መጽሐፉ የጎጃምን የአነጋገር ለዛና የቤተ ክህነትን ትምህርት ቤት ቋንቋ የያዘ ስለሆነ፣ ረጃጅም ዐረፍተ ነገሮቹ ትንፋሽን መጥኖ የሚያነብ ሰው ይሻሉ።

የዚህ ንባብ ፋይዳ የሚገባን የአድማጩን ሁኔታ ስናስብ ነው። አገር አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር አብዛኛው የገጠር ሕዝብ ፊደል ያልቆጠረ ነበር። እንዲህ ላለው ሰው ወፍራም ልብ ወለድ የተዘጋ ደጅ ነው። ንባቡ ይህን ደጅ ከፈተ። የባላገሩ ታሪክ ከባላገሩ ተወስዶ በአዲስ አበባ ከታተመ በኋላ፣ በተዋናዩ አንደበት ወደ ባለቤቱ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

እንግዲህ የተዋናይን ታሪክ የምናጠና ተማሪዎች በመድረክና በፊልም መዝገብ ብቻ መወሰን የለብንም። የተቀዳው ድምፅ ዛሬም ይደመጣል፤ በመጀመሪያው ጊዜ የሰሙት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ግን ከዓመት ዓመት እያነሱ ይሄዳሉ። በማንኩሳ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም እየተዘዋወሩ ምስክርነታቸውን መጻፍ የሚገባው ዛሬ ነው፤ ድምፁን ክሩ ሲጠብቅልን፣ የሰማውን ጆሮ የሚጠብቅልን የለምና።