ቆሻሻ

«ቆሸሸ» ከሚለው ግስ የወጣ ቃል። ቀድሞ ነገሩ የሚገኝበትን ሁኔታ ይገልጻል፦ ቆሻሻ እጅ፣ ቆሻሻ ልብስ። በከተማ ግን ራሱ ዕቃ ሆኗል። በአዲስ አበባ፣ ቦሌ ውስጥ «ቆሻሻው ወጣ ወይ?» ሲባል፣ የጽዳት ማኅበራት ከየቤቱ የሚሰበስቡት ጥራጊ ማለት ነው። የመንፈስ ነገር ሲሆን «ርኩስ» ይባላል፤ «እድፍ» ደግሞ በልብስም በነፍስም ላይ ይውላል። ቆሻሻ ወደ ጠባይም ተሻግሯል፦ ቆሻሻ ሥራ፣ ቆሻሻ ፖለቲካ። ሰውን መስደቢያ ሲሆን ያቆስላል፤ ከተማዋን የሚያጸዱት ሰዎች በዚህ ቃል ሊጠሩ አይገባም።

ቆሼ፦ በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ፣ ረጲ የሚገኘው የቆሻሻ መጣያ ስም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ በአጠገቡ ይኖሩ ከነበሩት ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ሐዘንን ጭምር ያስታውሳል።