የሙዚቃዋ ባለቤት ባኽ አይደለም

ፒያኖ ወይም ኪቦርድ ለመማር የሞከራችሁ ሁሉ ይህችን ዜማ ጣቶቻችሁ ያውቋታል፤ ሚኑዌት በጂ ሜጀር። ሦስት ሦስት እየተቆጠረ የምትሄድ አጭር የዳንስ ሙዚቃ ናት። እኔ ስማር አስተማሪዬ የሰጡኝ ፎቶኮፒ ላይ «ባኽ» ይላል። መጀመሪያ ሳልሳሳት የጨረስኳት ቀን «ባኽን ተጫወትኩ!» እያልኩ ቤተሰቡን አሰልችቼው ነበር።

ለካስ የባኽ አይደለችም!

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። በ1725 ጀርመናዊው ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ለሁለተኛ ሚስቱ ለአና ማግዳሌና የሙዚቃ ደብተር ሰጣት። ቤተሰቡ የወደደውን ሙዚቃ የሚገለብጥበት የቤት ደብተር ነው። የባኽም የሌሎች ሰዎችም ሥራ አለበት። ይህች ሚኑዌት ስትገለበጥ ግን የደራሲው ስም አልተጻፈም። በቤት ደብተር ላይ ማን ስም ይጽፋል?

በኋላ የመጣ ሰው ግን ደብተሩ የባኽ ቤት ስለሆነ ሙዚቃውም የባኽ ነው አለ። በ1965 ዘ ቶይስ የተባሉ አሜሪካውያን ሴቶች ዜማዋን የፖፕ ዘፈን አድርገው ዓለምን አስደነሱባት።

በ1970ዎቹ የባኽ ተመራማሪው ሃንስ ዮአኺም ሹልትሰ ባለቤቷን ለየ፤ ክርስቲያን ፔትሶልድ። በድሬስደን ከተማ የሶፊያ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ነበር። የሚገርመው፣ ባኽ ራሱ በዚያው በ1725 እዚያ ሄዶ ኦርጋን ተጫውቷል። ፔትሶልድ በ1733 ሲሞት ደግሞ ቦታውን የተረከበው የባኽ የበኩር ልጅ ዊልሄልም ፍሪደማን ነው። እንግዲህ ፔትሶልድ ለባኽ ቤት ባዕድ አልነበረም ማለት ነው።

እዚህ ውስጥ ሌባ የለም። ባዶ ቦታ ተገኘ፣ ትልቁ ስም ሞላው። እዚህ ፌስቡክ ላይ ባለቤት ያጣ ጥቅስ ሁሉ ለአንስታይን ይሰጥ የለ? ላለው ይጨመርለታል።

«ታዲያ ምን ለውጥ ያመጣል?» የሚል አይጠፋም። ለባኽ ምንም፤ ከሺህ በላይ ሥራ አለው፣ አንዲት ሚኑዌት ብትጎድል አይደኸይም። ፔትሶልድ ግን ዓለም የሚያውቅለት እሷኑ ነው። ያገለገለበት ቤተ ክርስቲያን እንኳ በ1945 በቦምብ ተመትቶ ፍርስራሹም በኋላ ተነሥቷል። ዜማዋ ግን ዛሬም በየቤቱ በልጆች ጣት ትጫወታለች፤ በሰው ስም።

ባለፈው ሳምንት ያንን አሮጌ ፎቶኮፒ ፈልጌ አገኘሁት። «ባኽ» የሚለውን ሰረዝኩና «ክርስቲያን ፔትሶልድ» ብዬ ጻፍኩበት። ፒያኖ የሚማር ልጅ ያላችሁ እስቲ መጽሐፉን ገለጥ አድርጋችሁ እዩት። ባኽ የሚል ከሆነ እስክሪብቶ አንሡ። የሰው ሥራ ስትገለብጡም ስሙን አብራችሁ ጻፉ፤ ለቤት ብቻ ቢሆንም።