የዶጅ አምቡላንስ የውስጥ መብራት

እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ ጦር ደብሊውሲ-54 የተባለውን አምቡላንስ መረከብ ጀመረ። ሻንሲውና ሞተሩ የዶጅ ነበሩ፤ የብረት አካሉን የሠራው በኢንዲያና ግዛት በሪችመንድ ከተማ ይገኝ የነበረው ዌይን የተባለው ፋብሪካ ነው። በቃሬዛ የተኙ አራት ቁስለኞችን ይጭናል። በጦርነቱ ዘመን ወደ 26,000 ገደማ ተመረቱ። ሰላም ሲወርድ ብዙዎቹ ለሲቪል ገዢ ተሸጡ፤ ገዢው መኪናውን የዕቃ መጫኛ ወይም የጉዞ ማደሪያ ሊያደርገው ሲነሳ አስቀድሞ ነቅሎ የሚጥለው የውስጡን ዕቃ ነበር። ሞተሩ እየተጠገነ ሲሠራ ኖሯል። የጣሪያው መብራት፣ ማብሪያ ማጥፊያውና ሽቦው ግን እንዳሉ የቆዩበት መኪና ብርቅ ነው።

አዳሹ ታዲያ ከምን ይነሳል? የጦሩ የጥገና መጽሐፍ ቲኤም 9-808 እና ጂ-502 የተባለው የመለዋወጫ ዝርዝር አሉ። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው፤ ይሁንና በመጽሐፉ ያለው ፎቶግራፍ የአንድ መኪና ፎቶግራፍ ነው፣ ፋብሪካ ደግሞ ምርቱ ሳይቋረጥ ዕቃ ይለዋውጣል። በእኔ ግምት ከወረቀቱ ይልቅ ብረቱ የበለጠ ይታመናል፦ በጣሪያው ላይ የቀሩ የብሎን ቀዳዳዎች፣ መብራቱ ተቀምጦበት የነበረው ቀለም ያልነካው ክብ፣ ሽቦው ያለፈበት ቀዳዳ። ለዚህም ነው አሮጌውን ቀለም ከመፋቅ በፊት መለካትና ፎቶ ማንሳት የሚገባው። ብዙ ማስረጃ የጠፋው በጦር ሜዳ ሳይሆን በጋራዥ ውስጥ፣ በአሸዋ መርጫ ነው።

መብራቱን ለማብራት ሲሞከር ግን ችግሩ ያለው በኤሌክትሪኩ ጉልበት ላይ ነው። ደብሊውሲ-54 የሚሠራው በ6 ቮልት ነው። 15 ዋት አምፖል በ6 ቮልት 2.5 አምፔር ይስባል። በሽቦው መንገድ ላይ ግማሽ ቮልት ብቻ ቢጠፋ ከጉልበቱ አንድ አሥራ ሁለተኛው ሄደ ማለት ነው፤ የአምፖል ብርሃን ከቮልቱ ይበልጥ ፈጥኖ ስለሚቀንስ ከብርሃኑ ሩብ ያህሉ ይጠፋል። ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪ የሚመለሰው በመኪናው የብረት አካል በኩል በመሆኑ፣ በመብራቱ እግር ሥር ያለ ዝገት ይህን ለማድረስ ይበቃል። አዲስ ቀለምም እንዲሁ። አምሮ የተቀባ መኪና ውስጡ ጨለማ ሲሆን ባለቤቱ አምፖሉን ይወቅሳል፤ ጥፋተኛው ቀለም ቀቢው ነው።

ብዙዎች በዚህ ተማረው ወደ 12 ቮልት ይቀይሩታል። አልደግፍም። ብሎኑ የሚያርፍበትን ቦታ እስከ ብረቱ ፍቆ፣ ወፈር ያለ ሽቦ ዘርግቶ የ6 ቮልቱን መብራት በሚገባ ማብራት ይቻላል። የጥንቱ ሽቦ በጎማ ተለብጦ ከላዩ የጥጥ ክር የተጎነጎነበት ነው፤ ጎማው ከሰማንያ ዓመት በኋላ ሲነኩት ይረግፋል፣ ስለዚህ እሱን መልሶ ማገናኘት እሳት መጋበዝ ነው። ዛሬ ውስጡ ፕላስቲክ፣ ላዩ ጥጥ የሆነ ሽቦ ይሠራል። ይህን ማስመሰል ብዬ አላወግዘውም፤ ዓይን የሚያየው እንደ ጥንቱ ይቆያል፣ የማይታየው አያቃጥልም። አሮጌውን ሽቦ ግን መጣል አይገባም፤ የቀለሙ ምልክትና ርዝመቱ ሌላ ቦታ የማይገኝ መረጃ ነው።

ጦሩ ራሱ የ6 ቮልትን ድካም አይቶ ኖሮ፣ ከጦርነቱ በኋላ ለተሽከርካሪዎቹ 24 ቮልትን መረጠ። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ የተሠራው ተተኪው ዶጅ፣ ኤም43፣ የዚህ ትውልድ ነው። የ24 ቮልት 15 ዋት አምፖል፣ በዚያው ሽቦ፣ አሁን የሚስበው የአምፔሩን ሩብ ነው፤ በሽቦው መንገድ የሚጠፋው ድርሻም ወደ ቀድሞው አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። መጋጠሚያዎቹ ውኃ እንዳያስገቡ ተደርገው የተሠሩ ሲሆን፣ በየሽቦው ጫፍ ቁጥር የተቀረጸበት የብረት ቀለበት ይታሰራል። ኤም43ን የሚያድስ ሰው ሽቦው ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ ከቁጥሩ ያነባል፤ የደብሊውሲ-54 አዳሽ ሽቦውን በእጁ እየተከተለ፣ የደበዘዘውን የክር ቀለም ከዝርዝሩ ጋር እያመሳከረ መሄድ አለበት።