ባሕር ማዶ ያለ ባለአክሲዮንና ሁለቱ ግብር ሰብሳቢዎች

ከሕግ ትምህርት ቤት ጀምሮ የማውቀው አንድ ወዳጄ በቅርቡ ከቨርጂኒያ በእኩለ ሌሊት ደወለልኝ። (እሱ ዘንድ ገና ቀን ነው፤ እዚህ ስንት ሰዓት እንደሆነ አስቦ የሚደውል ዲያስፖራ እስካሁን አልገጠመኝም።) ከዓመታት በፊት የገዛውን የባንክ አክሲዮን ሸጧል። አዲስ አበባ ላይ «አትርፈሃል» ተብሎ ታክስ ከፍሏል። እዚያ ያለው የሒሳብ ባለሙያው ደግሞ «ከስረሃል» ብሎታል። «ከሁለቱ ማን ነው የተሳሳተው?» አለኝ።

ማንም አልተሳሳተም። እንዲያውም ችግሩ ሁለቱም ትክክል መሆናቸው ነው። በአሜሪካ እየሠሩ በአገር ቤት አክሲዮን የያዙ ወገኖች ብዙ ናቸው፤ ጉዳዩም በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ላይ ዘርዘር አድርጌ ላስቀምጠው።

መነሻው የሁለቱ አገሮች ሕግ የተለያየ ጥያቄ መጠየቁ ነው። የኢትዮጵያ ሕግ «ገቢው ከየት መነጨ?» ይላል። በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት አንድ ሰው ነዋሪ የሚባለው በአገሪቱ ቋሚ መኖሪያ ሲኖረው ወይም በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ183 ቀናት በላይ ሲቀመጥ ነው። ለባለአክሲዮን ግን ይህ ልዩነት ብዙም አይጠቅመውም። ትርፉን የከፈለው በኢትዮጵያ የተቋቋመ ኩባንያ እስከሆነ ድረስ ባለቤቱ አዲስ አበባም ይኑር አትላንታ ታክሱ አይቀርለትም። አዋጁ ሲወጣ በትርፍ ድርሻ ላይ የተጣለው መጣኔ 10 በመቶ ነበር፤ ኩባንያው ራሱ ቀንሶ ገቢ ያደርጋል፤ በአገር ቤት በኩል ነገሩ በዚያው ያልቃል። አክሲዮን ሸጦ በሚገኝ ጥቅም ላይ ደግሞ 30 በመቶ ተጣለ። ሕንፃ ሸጦ ያተረፈ ሰው 15 በመቶ ሲከፍል አክሲዮን የሸጠው እጥፉን እንዲከፍል የተደረገበትን አሳማኝ ምክንያት እኔ በበኩሌ ሰምቼ አላውቅም። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395 ስለተሻሻለ፣ አሁን የሚሸጥም ሆነ የትርፍ ድርሻ የሚቀበል ሰው ክፍያው በሚፈጸምበት ቀን ሥራ ላይ ያለውን መጣኔ ይመልከት እንጂ በቆየ ወረቀት አይከራከር።

የአሜሪካ ሕግ ጥያቄው ሌላ ነው፤ «ሰውየው የማን ነው?» ይላል። ዜጋው ወይም ግሪን ካርድ ያዡ በየትኛውም የዓለም ጥግ ያገኘውን ገቢ በሙሉ ማስታወቅ አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «እኔ ፓስፖርቴን አልቀየርኩም፣ ኢትዮጵያዊ ነኝ» የሚል ግሪን ካርድ ያዥ ለዜግነት ክርክር ልክ ነው፤ ለግብር ግን አይሠራለትም።

ሁለት መንግሥታት በአንድ ገቢ ላይ እጃቸውን ሲዘረጉ አብዛኛውን ጊዜ የሚገላግል ተደራራቢ ታክስን የማስቀረት ስምምነት ይኖራል። ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይ፣ ከጣሊያን፣ ከኔዘርላንድስና ከእስራኤል ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት አላት። እጅግ በርካታ ኢትዮጵያውያን ከሚሠሩባት ከአሜሪካ ጋር ግን የላትም። ስለዚህ እዚያ ያለው ባለአክሲዮን የሚተማመነው በአሜሪካ የአገር ውስጥ ሕግ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም በውጭ አገር የተከፈለን ታክስ በማካካሻነት የሚቀበለው ሥርዓት ነው።

ለትርፍ ድርሻ ይህ ሥርዓት ደህና ይሠራል። ለምሳሌ 200,000 ብር የትርፍ ድርሻ ተወስኖ 20,000 ተቆርጦ 180,000 ብር ሒሳብዎ ውስጥ ገባ እንበል። ለአሜሪካ የሚያስታውቁት 180,000ውን ሳይሆን 200,000ውን ነው፤ ወደ ዶላር የሚመነዘረውም በተቀበሉበት ቀን በነበረው ምንዛሪ ነው። የተቆረጠው 20,000 በቅጽ 1116 ከአሜሪካው ግብር ላይ ይቀነሳል። ዝቅተኛው የትርፍ ድርሻ መጣኔ ግን አይገኝም። ያ ቅናሽ የሚፈቀደው ኩባንያው አሜሪካዊ ሲሆን፣ ወይም ከአሜሪካ ጋር ስምምነት ካለው አገር ሲሆን፣ ወይም አክሲዮኑ በአሜሪካ ገበያ በቀላሉ የሚገበያይ ሲሆን ነው። የእኛ ባንኮች ከሦስቱ በአንዱም አይገቡም። ስለዚህ ገቢው እንደ ደመወዝ በተራው መጣኔ ይታሰባል፤ 22 በመቶው እርከን ላይ ያለ ሰው 10 በመቶው ተካክሶለት ቀሪውን 12 በመቶ እዚያ ይከፍላል። ብሩ አዲስ አበባ ሒሳብ ውስጥ ተቀምጦ አንድም ሳንቲም ባሕር ያልተሻገረ ቢሆንም እንኳ «አላመጣሁትም» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም።

በዚህ ላይ የካፒታል ማሳደግ ጉዳይ አለ። ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያድግ ካዘዘ ወዲህ የትርፍ ድርሻን በአክሲዮን መቀየር የተለመደ ሆኗል። ባለአክሲዮኑ ምንም ገንዘብ ስላልነካ ገቢ ያገኘ አይመስለውም። በአሜሪካ ሕግ ግን በጥሬ ገንዘብ ልውሰድ ወይስ በአክሲዮን የሚል ምርጫ ከነበረ፣ አክሲዮኑን የመረጠውም ሰው ገንዘቡን እንደተቀበለ ይቆጠራል። በአገር ቤት ደግሞ ትርፉ ለካፒታል ማሳደጊያ በመዋሉ ታክስ ሳይቆረጥበት ቀርቶ ከሆነ የሚካካስ ነገር የለም፤ ሙሉውን እዚያ ይከፍላል ማለት ነው።

ወደ ወዳጄ ጥያቄ ልመለስ። የእሱን ትቼ ለስሌት በሚመች ቁጥር ላስረዳ። አንድ ግሪን ካርድ ያዥ ኢትዮጵያዊ በ2007 ዓ.ም. ዶላር 20 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ በ1,000,000 ብር አክሲዮን ገዛ፤ ያኔ 50,000 ዶላር መሆኑ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ብርም በወራት ውስጥ ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጣ። ሰውየው በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት፣ ዶላር 125 ብር ገደማ ሲሆን፣ አክሲዮኑን በ2,500,000 ብር ሸጠ። በብር 1,500,000 አትርፏል። በጊዜው በነበረው 30 በመቶ 450,000 ብር ከፈለ። ይህን ሳይከፍል ደግሞ ዝውውሩ በባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ አይመዘገብም።

አሜሪካ ላይ ሒሳቡ የሚሠራው በዶላር ነው፤ የግዢው ዋጋ በተገዛበት ቀን፣ የሽያጩ በተሸጠበት ቀን ምንዛሪ። 50,000 ዶላር ወጣ፣ 20,000 ገባ። 30,000 ዶላር ኪሳራ! አዲስ አበባ የከፈለው ታክስ በዚያው ምንዛሪ 3,600 ዶላር ነው፤ ይህም በኪሳራው ላይ የተከፈለ ነው።

ይህን 3,600 ዶላር እንዲያካክስለት ቢጠይቅስ? ማካካሻው ከውጭ በመነጨ ገቢ ላይ ከሚታሰበው የአሜሪካ ግብር ሊበልጥ አይችልም። በሽያጩ በኩል በዶላር ገቢ የለም። ቢያተርፍ ኖሮ እንኳ ከሌላ መሰናክል ጋር ይላተም ነበር። በአሜሪካ ሕግ ነዋሪ የሆነ ሰው አክሲዮን ሸጦ ያገኘው ጥቅም በመርህ ደረጃ የሚመነጨው ከሻጩ መኖሪያ ነው። የኢትዮጵያ ባንክ አክሲዮን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሸጠ፣ በብር የተከፈለ፤ ምንጩ ግን «አሜሪካ» ይባላል። ስምምነት ያላቸው አገሮች ይህን በስምምነቱ አንቀጽ ያስተካክሉታል። እኛ ዘንድ የሚያስተካክለው የለም። ያልተካካሰው ታክስ ወደ ኋላ 1 ዓመት፣ ወደ ፊት 10 ዓመት ሊሸጋገር ስለሚችል በኋለኞቹ ዓመታት የትርፍ ድርሻና የመሳሰለ የውጭ ገቢ ያለው ሰው ከፊሉን ሊያገግም ይችላል። አክሲዮኑን ጠቅልሎ ለሸጠ ሰው ግን ይህ ብዙም ተስፋ አይሰጥም። ኪሳራው ራሱ ከሌላ የካፒታል ትርፍ ጋር ይጣፋል፤ ከዚያ ያለፈው በዓመት 3,000 ዶላር ብቻ ከሌላ ገቢ ላይ እየተቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ መሸጫውን ዓመት መምረጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሌላ ቤት ወይም አክሲዮን በትርፍ የሚሸጥበት ዓመት ካለ ሁለቱን ማገናኘት ያዋጣል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ በሌላ ሰው ስም የተያዘው አክሲዮን ነው። በአዋጅ ቁጥር 592/2000 የውጭ ዜጋ በኢትዮጵያ ባንክ አክሲዮን እንዳይዝ ተከልክሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ድርሻቸውን እንዲለቁ ባዘዘ ጊዜ የተመለሰላቸው አክሲዮኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የተሸጠበት ልዩነት ወደ መንግሥት ሄደ። ያን የፈሩ ብዙዎች አስቀድመው በእህትና በወንድም ስም አዛውረዋል። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1159 በውጭ ምንዛሪ ከፍለው እንዲገዙ ሲፈቅድ የቆየው በወንድም ስም እንዳለ የቀረ ብዙ ነው። ለኩባንያው ባለአክሲዮን ማለት በመዝገቡ ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው። የታክስ ደረሰኙ የሚወጣው በወንድም ስም ነው። አሜሪካ ያለው እውነተኛ ባለገንዘብ ገቢውን የማስታወቅ ግዴታ አለበት፤ ታክሱን እሱ መክፈሉን የሚያሳይበት ወረቀት ግን የለውም። ወንድም ቢሞት ደግሞ ነገሩ ወደ ውርስ ችሎት ይገባል።

ሌላው ጣጣ «በምሥረታ ላይ» እየተባሉ ለዓመታት የሚቆዩት አክሲዮን ማኅበራት ናቸው። ገንዘብ ሰብስበው ባንክ አስቀምጠው ወለድ ብቻ የሚያገኝ ኩባንያ፣ ገቢው 75 በመቶ ወይም ንብረቱ 50 በመቶ ከእንዲህ ያለ ሥራ የሌለው ምንጭ ከሆነ፣ በአሜሪካ ሕግ በልዩና ከባድ የግብር አሠራር ሥር ይወድቃል። አዲስ ኩባንያ የሚታለፈው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ አክሲዮን የያዘ ሰው ቅጽ 8621 የሚባለውን ከባለሙያው ጋር ይመልከት።

ከግብሩ የተለየ የማስታወቅ ግዴታም አለ። የትርፍ ድርሻው የሚገባበትን ጨምሮ በውጭ ያሉዎት የባንክ ሒሳቦች ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ «ኤፍባር» የሚባለው መግለጫ ይቀርባል። የአክሲዮን የምስክር ወረቀቱ ራሱ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም፤ በቅጽ 8938 ግን ይቆጠራል። አሜሪካ ለሚኖር ላላገባ ሰው መነሻው በዓመቱ መጨረሻ ቀን 50,000 ወይም በማንኛውም ጊዜ 75,000 ዶላር ነው፤ በጋራ ለሚያስታውቁ ባልና ሚስት እጥፉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 በቢትነር ጉዳይ ሆን ተብሎ ያልተደረገ የኤፍባር ጥፋት ቅጣቱ በየሒሳቡ ሳይሆን በየመግለጫው እንዲታሰብ ወስኗል። አምስት ሒሳብ ላለው ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሳያውቁ ለዓመታት ያላስታወቁም ራሳቸው ቀድመው ቀርበው የሚያስተካክሉበት መንገድ አለ፤ አሜሪካ ለሚኖሩት ቅጣቱ 5 በመቶ ነው። መሥሪያ ቤቱ ምርመራ ከጀመረ በኋላ ግን ይህ በር ይዘጋል።

ሌላ ቦታ ያሉት ነገራቸው ይቀላል። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶችና በሳዑዲ ዓረቢያ የሚሠራ ሰው በግል ገቢው ላይ እዚያ ግብር ስለሌለበት ኢትዮጵያ ላይ የተቆረጠው የመጨረሻው ነው። እስራኤል ለአዲስ ገቢዎች ከውጭ ያገኙትን ገቢ ለ10 ዓመት ከግብር ነፃ ታደርጋለች፤ ጊዜው ሲያልፍ ስምምነቱ ያገለግላል። እንግሊዝ ያለው እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ወዲህ ከግብር ነፃ የሆነለት የትርፍ ድርሻ 500 ፓውንድ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ላለው በስምምነቱ መሠረት ማካካሻ ይጠይቃል።

ለወዳጄ ያልኩት ይህን ነው፦ አክሲዮኑ የተገዛበትን የባንክ ደረሰኝና የዚያን ቀን ምንዛሪ፣ ካፒታል ያደገባቸውን የጠቅላላ ጉባዔ ቃለ ጉባዔዎች፣ በየዓመቱ የተቆረጠውን ታክስ የሚያሳይ በስሙ የወጣ ማስረጃ፣ የሽያጩን ውልና የታክስ ደረሰኝ ሰብስቦ ይያዝ። ኩባንያዎቻችን ማስረጃውን ካልተጠየቁ አይሰጡም፤ ሲጠየቁም «ወኪልህ ይምጣ» ማለት ይወዳሉ። ስለዚህ ውክልናው ውስጥ «የታክስ ማስረጃ ለመቀበል» የሚል ሐረግ ይግባበት። የአሜሪካው የግብር ቀን ሚያዝያ 7 ገደማ ነው፤ እነሱ ኤፕሪል 15 የሚሉት። የኤፍባሩ ግን ሳይጠየቅ በራሱ እስከ ኦክቶበር 15 ይራዘማል።