የዬሎ ስፕሪንግሱ ባለ ኤሌክትሮድ

ላውጋችሁ፤ ዘመኑን የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው። በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ ዬሎ ስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ ከተማ ሊላንድ ክላርክ የሚባል ባዮኬሚስት ነበር። ይህ ሰው ደምን ከሰውነት አውጥቶ፣ ኦክስጅን በአረፋ አጥግቦ የሚመልስ መሣሪያ ሠራ። ደስ ብሎት ጽፎ ለመጽሔት ቢልክ፣ አዘጋጁ አልቀበልም አለው። ከመሣሪያው የሚወጣው ደም ምን ያህል ኦክስጅን እንደያዘ ሳይለካ ምኑ ይታተማል? እውነቱን ነው። ክላርክ ግን በምን ይለካው?

የፕላቲነም ሽቦ ኦክስጅንን በኤሌክትሪክ ይለካል። ደም ውስጥ ሲነከር ግን ፕሮቲኑ ይለጠፍበትና ልኩ ይዛባል። ክላርክ ሽቦውንም፣ የኤሌክትሪኩ ሌላ ጫፍ የሆነውን ሁለተኛ ኤሌክትሮድም አንድ ላይ በስስ ፕላስቲክ ሸፈናቸው። ኦክስጅን በፕላስቲኩ ሾልኮ ይገባል፤ ደሙ ውጭ ይቀራል። በቃ፣ ይኸው ነው! ዘመኑ 1954 ነበር። ያ አዘጋጅ ባይመልሰው ኖሮ ይህ ነገር በክላርክ እጅ ይሠራ ነበር ብዬ አላምንም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚሉት ኢንዛይም ስኳር ሲያገኝ ኦክስጅን ይፈጃል። እንግዲያው ኢንዛይሙን ከኤሌክትሮዱ ፊት ቢያስቀምጡት፣ የጎደለው ኦክስጅን የስኳሩን መጠን አይናገርም? ይህን ሐሳብ በ1962 ከቻምፕ ላየንስ ጋር አሳተመው። ዛሬ ባዮሴንሰር የምንለው፣ እንደ ኢንዛይም ባለ ሕይወታዊ ነገር የሚለካ መሣሪያ ዘር ሁሉ ከዚያ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። እዚያው ከተማ በ1948 የተቋቋመ ዬሎ ስፕሪንግስ ኢንስትሩመንት የሚባል ኩባንያ ነበር። መሥራቾቹ ክላርክ ከተማረበት ከአንቲዮክ ኮሌጅ የወጡ ናቸው፤ ሰፈርተኛም የትምህርት ቤት ዘመድም መሆናቸው ነው። በክላርክ ሐሳብ የተሠራውን የስኳር መለኪያ በ1975 ለሽያጭ አወጡት። ከወረቀት እስከ ገበያ 13 ዓመት! አይግረማችሁ። ኢንዛይም ቶሎ ይደክማል፤ አንድ ጊዜ የሠራ ነገር ደግሞ ሺህ ጊዜ እኩል መሥራት አለበት። ይህ የላቦራቶሪ ሊቅ ብቻውን የሚወጣው አይደለም፣ የፋብሪካ ሰው ትዕግሥት ይጠይቃል። ሐሳቡን የክላርክ፣ መሣሪያውን የእነሱ ብሎ መክፈል ይከብደኛል።

መሣሪያው ታዲያ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ የላቦራቶሪ ዕቃ ነበር። የስኳር ሕመምተኛ ቤቱ ሆኖ ጣቱን ወግቶ የሚለካበት፣ እስክሪብቶ የሚመስለው ኤሌክትሮኬሚካል መለኪያ በ1987 ሲወጣ፣ በእንግሊዝ አገር የኦክስፎርድና የክራንፊልድ ተመራማሪዎች ሥራ ነበር። ያም ቢሆን መነሻው የክላርክ ሐሳብ ነው።

ክላርክ ራሱ አንድ ቦታ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። በ1966 አይጥን ኦክስጅን በጠገበ ፈሳሽ ውስጥ ነክሮ በሕይወት ሲያስተነፍሳት ዓለም ጉድ አለ። ኋላም ሰው ሠራሽ ደም የሚሠራ ኩባንያ እስከ ማቋቋም ደረሰ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የምሕንድስና አካዳሚ «ራስ» የተባለውን ሽልማት ከ500,000 ዶላር ጋር ለክላርክ የሰጠው በ2005 ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ፣ በ86 ዓመቱ አረፈ።