ሁለት ነጥብ ከብራና እስከ ኮምፒዩተር

ጽሑፍን ከፋፍሎ የሚፈለገውን ቃል ነቅሶ ማውጣት የኮምፒዩተር ዘመን ጥበብ ይመስላል። ሆኖም ቃልን ከቃል የመለየት ሥርዐት በአገራችን እጅግ የቆየ ነው። በአክሱም የድንጋይ ጽሑፎች ቃላት ቀጥ ብሎ በቆመ ጭረት ይለያዩ ነበር፤ በብራና ላይ ግን ይህን ተግባር ሁለት ነጥብ ወሰደው።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) መናገሻቸውን በጎንደር ከመሠረቱ በኋላ ከተማይቱ የጽሕፈትና የሥዕል ማእከል ሆነች። የቁም ጸሐፊው ከየቃሉ በኋላ ሁለት ነጥብ፣ ዐረፍተ ነገሩ ሲፈጸም አራት ነጥብ ያኖራል። መስመር ሲሞላበት ቃሉን ከመካከል ከፍሎ ያለ ምንም ምልክት ወደ ቀጣዩ መስመር ያሻግረዋል። ስለዚህ የቃሉን ድንበር የሚያሳውቀው የመስመሩ መጨረሻ ሳይሆን ነጥቡ ነው።

አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ስቲቨን ክሌይኒ በ1956 ባሳተመው ጥናት «ሬጉላር ኤክስፕሬሽን» የተባለውን፣ የፊደላትን አሰላለፍ በአጭር ንድፍ የመግለጽ ዘዴ አስተዋወቀ። ኬን ቶምፕሰንም በ1968 ንድፉን በኮምፒዩተር ጽሑፍ ለመፈለጊያነት አዋለው። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ሲመዘገብ ሁለት ነጥብ «የቃል ክፍተት» የሚል ስም ተሰጠው፤ ነገር ግን ከሥርዐተ ነጥብ እንጂ ከባዶ ክፍተት ወገን አልተመደበም። በመሆኑም በባዶ ክፍተት ብቻ የሚቆርጥ ፕሮግራም የብራናን ጽሑፍ እንደ አንድ ረጅም ቃል ይቈጥረዋል። መፍትሔው ሁለቱንም በአንድ ንድፍ፣ [፡ ]+ ብሎ፣ መያዝ ነው።

ቅደም ተከተልም ይወስናል። በዘመናችን ብዙ ሰው አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት (፡፡) ይጽፋል። ይህ አስቀድሞ ወደ «።» ካልተለወጠ መቁረጫው የዐረፍተ ነገሩን ፍጻሜ ያጠፋዋል። የከተማይቱ ስም ራሱ «ጎንደር» እና «ጐንደር» ተብሎ ስለሚጻፍ በአንዱ ብቻ የሚፈልግ ሰው ሌላውን ይስታል፤ [ጎጐ]ንደር የሚለው ንድፍ ግን ሁለቱንም ያገኛል።

በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙ ብራናዎች ወደ ኮምፒዩተር በሚገለበጡበት ጊዜ ገልባጩ በየመስመሩ መጨረሻ ክፍተት ቢጨምር አንዱ ቃል ሁለት ይሆናል፤ ነጥቡን ቢተው ደግሞ ሁለቱ ቃል አንድ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የትኛውም ንድፍ የጸሐፊውን ድንበር መልሶ አያገኝም። ስለዚህ የመሐንዲሱ የመጀመሪያ ግዴታ መቁረጥ ሳይሆን ነጥቡን እንዳለ መጠበቅ ነው።